በከተማ ጫፍ ባለ የእርሻ መሬት ላይ እርሻ ነክ ሥራ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?
ባሕር ዳርንና የጣናን ዳርቻ መነሻ ያደረገ አጭር ጽሑፍ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ባሕር ዳር በአገራችን በፍጥነት ከሚሰፉ ከተሞች አንዷ ነች። በሰሜን በኩል ጣና ስለሚያግዳት የምትሰፋው በቀሩት አቅጣጫዎች ነው፤ ዓባይን ተሻግራ ወደ ዘንዘልማ፣ በደቡብ ወደ ሰባታሚት፣ በመራዊ መንገድ ወደ መሸንቲ። የከተማው ጫፍ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። አምና ጤፍና ዳጉሳ የነበረበት ማሳ ዘንድሮ ችካል ተተክሎበት ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ጉዳዩ እንዲያስብ ያደረገው በክፍል ውስጥ የተማረው ብቻ ሳይሆን በዘመድ ላይ የደረሰ ነገር ነው። አክስቴ ከከተማው ጫፍ፣ ከሐይቁም ብዙ ባልራቀ ቀበሌ ሁለት ጥማድ መሬት፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል አላት። ላሞች ታረባለች። የጎረቤቶቿንም ወተት እየሰበሰበች ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማ ትልክ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ጾም ሲገባ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት የሚጠይቅ የለም፤ ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ እንደዚያው ነው። ላሚቱ ግን ጾም ገባ ብላ መታለቧን አታቆምም! ስለዚህ አክስቴ በማሳዋ ጥግ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ዳስ ሠራች፤ ወተቱን ንጣ ቅቤና አይብ አድርጋ ልታቆይ ነው።

ዳሷ ሦስት ወር አልቆየችም። አንድ ቀን ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይህ የእርሻ መሬት ነው፤ ለንግድ አልተሰጠዎትም» አላት። እሷም፣ «ልጄ፣ ወተት ከእርሻ ካልመጣ ከየት ይመጣል?» አለችው። መልስ አልነበረውም። ዳሱ ግን ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው ማሳ ዙሪያ ቀያሾች መጥተው መሬቱ ወደ ከተማ ክልል ሊጠቃለል መሆኑ ተነገራት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ለ20 ካሬ ሜትር የወተት ዳስ ሲባል «የእርሻ መሬት ነው» ተብሎ የተጠበቀው መሬት፣ ሙሉ በሙሉ ቤትና አስፋልት ሊሆን ሲታቀድ ያ ጥበቃ የት ሄደ? በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ለባለይዞታው ገቢ የማያስገኝ የእርሻ መሬት በክልከላ ብቻ ተጠብቆ ሊኖር እንደማይችል፣ ስለዚህም እርሻ ነክ ሥራ በልክና በመስፈርት ሊፈቀድ እንደሚገባ ነው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ መብትን ሲተረጉም መሬቱን ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት ልማት ሥራ የመጠቀም መብት አድርጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በክልላችንም አዋጅ ቁጥር 133/1998 በኋላ በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል።

«ለግብርና» የምትለው ቃል ነች እንግዲህ የክርክሩ ቋጠሮ። ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ ግብርና መሆኑን ማንም አይክድም። ወተት መናጥስ? ሩዝ መፈልፈልስ? ማር ማጥራት፣ ዓሣ መከተፍ፣ ማንጎ መጭመቅስ? አርሶ አደሩን ብትጠይቁት ሁሉም የእርሻ ሥራ ነው ይላችኋል። ቢሮ ስትገቡ ግን ነገሩ ይበታተናል። መሬቱን የሚመለከተው አንድ ቢሮ፣ የንግድ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ ቢሮ፣ ግንባታውን የሚቆጣጠረው ደግሞ ሌላ ነው። መሬቱ ከከተማው ክልል ጫፍ ላይ ሲሆን የገጠሩም የከተማውም አስተዳደር «የኔ አይደለም» ሊል ይችላል። አርሶ አደሩ ተመላልሶ ሲሰለቸው ወይ ይተወዋል፣ ወይ በድብቅ ይሠራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር አለ። እሱም የካሳ ጉዳይ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ማሻሻያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚባዛው ገቢው ነው። ገበሬው ከዳጉሳ በቀር ሌላ ገቢ እንዳይኖረው አድርገን ካቆየነው በኋላ ያችኑ ትንሽ ገቢ በ15 ብናባዛለት ምን ይጠቅመዋል? በድብቅ የሠራውማ በመዝገብ ስለሌለ አስረጂ ሆኖ ሊቀርብለት አይችልም። ስለዚህ ክልከላው መሬቱን ከከተማው መስፋፋት አላዳነውም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ከተማው እስኪመጣ ድረስ መሬቱን ርካሽ አድርጎ ማቆየት ነው።

2. የዘጌ ትምህርት

የተጠበቀ መሬት ማለት ገቢ የሌለው መሬት ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌን ማየት በቂ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚገኙበት ይህ ባሕረ ገብ መሬት በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ነው። በዘጌ በቆየው ሥርዓት በበሬ ማረስም ከብት ማርባትም አይፈቀድም። የአካባቢው አፈ ታሪክ ሥርዓቱን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ቡናውም ከእሳቸው በትር እንደበቀለ ይነገራል።

ታዲያ ሕዝቡ በምን ኖረ? በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነዋ! ዛፉ ለቡናው ጥላ ሆነ፣ ቡናው ደግሞ ለዛፉ ጠባቂ ሆነ። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተቀሽሮ ለገበያ የሚቀርበው በዚያው በግቢው ነው። እዚያ ጥበቃና ገበያ ተጣልተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ሆኖም የዘጌ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ከቡናው የሚገኘው ገቢ ለኑሮ አልበቃ ባለ ጊዜ ሰዉ ዛፉን ቆርጦ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ላይ ለማገዶ ሸጧል። ሥርዓቱ አልተሻረም፤ ክልከላውም እንዳለ ነበር። የተለወጠው የገቢው ነገር ነው። እዚህ ላይ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል፤ መሬትን የሚጠብቀው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ሕጉን ጠብቆ መኖር ሲቻል ነው።

3. ክልከላው ማንን ጠቀመ?

አሁን ከዘጌ ተመልሰን በምሥራቁ ዳርቻ ወደ ሮቢት እንሂድ። በሮቢት ባታ አካባቢ አርሶ አደሩ የጉድጓድ ውኃ እየቀዳ በመስኖ ያለማል። ውኃው ያለበትን ማሳ ብዙውን የያዘው ምንድን ነው ቢባል መልሱ ጫትና ጌሾ ነው። ስለ ጫት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ገበሬውን መውቀስ ይቀናናል። ነገር ግን ነገሩን ከመሬት አጠቃቀም አንጻር እንየው። ጫት ዳስ አይፈልግም፤ መናጫ፣ መጋዘን፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ጠዋት ይቆረጣል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ በዚያው ዕለት ብር ሆኖ ይመለሳል። ማንም መጥቶ «አፍርስ» የሚለው ነገር የለም። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው፤ ተተክሎ ይተዋል፣ ሲደርስ ቆሞ ይሸጣል። ወተት፣ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ማር ግን ከማሳው አጠገብ ትንሽ ሥራ ይፈልጋሉ። ያችን ትንሽ ሥራ ስንከለክል ሳናውቀው ለጫትና ለባሕር ዛፍ እየፈረድን ነው ማለት ነው።

ሩዝንም እንይ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ሜዳ የሩዝ ገበያ ማዕከል ነች። መፈልፈያዎቹ በአብዛኛው በከተማዋ ውስጥ ተከማችተዋል። ገበሬው ሩዙን ይዞ ይሄዳል፤ ነጩ ፍሬ ሲወጣ ለከብት መኖ የሚሆነው ብናኝና ገለፈቱ ከተማ ይቀራል። ከማሳው አጠገብ ቢፈለፈል ኖሮ ብናኙ ለራሱ በሬ፣ ገለፈቱም ለራሱ ማሳ በዋለ ነበር። ከእርሻው የወጣ ነገር ወደ እርሻው ይመለሳል እንደማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ችግር አይፈታም ወይ? የሚል ሊኖር ይችላል። ፓርኩና ከሱ ጋር የታሰቡት የገጠር ሽግግር ማዕከላት ለትልቁ ምርት ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ቡሬ ከባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ ጠዋት የታለበ አሥር ሊትር ወተት ቡሬ አይሄድም። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ወተቱ ከዚያች ከቅርቢቱ ከተማ እንኳ ሳይደርስ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። በደጅ ንጦ ቅቤ ማድረግ በሰላሙ ጊዜ ትርፍ፣ በክፉ ጊዜ ደግሞ መትረፊያ ነው።

4. የጣና ዳርቻ ልዩ ሁኔታ

የጣና ነገር ከሌላ ከተማ ዳር የሚለይበት ምክንያት አለ። ሐይቁና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ ወደ 695 ሺህ ሄክታር ይደርሳል። እዚህ ላይ «ጥብቅ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ባዮስፌር ማለት ሁሉ ነገር የተከለከለበት ቦታ ማለት አይደለም። በሦስት ቀጠና ይከፈላል፤ ሳይነካ የሚጠበቀው ዋናው ቀጠና፣ ዙሪያውን የሚከልለው መከለያ ቀጠና፣ እና ሰው እየኖረና እያመረተ ተፈጥሮን የሚንከባከብበት የሽግግር ቀጠና ናቸው። ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ሦስተኛው ነው። የባዮስፌሩ ሐሳብ ራሱ በዚህ በሦስተኛው ቀጠና ከመሬቱ ጋር የሚስማማ ገቢ እንዲፈጠር ይጠይቃል እንጂ አይከለክልም።

ዋናውና መከለያው ግን ቀልድ አይደለም። የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ ብቅ የሚለው፣ አገሬው ባሕር ሸሽ የሚለው መሬት፣ የደንገሉ ቦታና ረግረጉ የሐይቁ ማጣሪያ ወንፊት ናቸው። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሲሆኑ፣ ከነሱም የተወሰኑት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭም የሚፋፋው ወደ ውኃው በሚገባ የማዳበሪያና የቆሻሻ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ አጓቱን፣ የዓሣ አንጀቱን፣ የማጠቢያ ውኃውን ወደ ሐይቁ የሚለቅ ሥራ «እርሻ ነክ ነው» ቢባልም ሊፈቀድ አይገባም።

በዚሁ አጋጣሚ የነገደ ወይጦን ማኅበረሰብ ማንሳት ተገቢ ነው። ታንኳውን፣ ሰሌኑን ከደንገል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ደንገሉ በእርሻና በግንባታ እየተመናመነ በሄደ ቁጥር መተዳደሪያቸውም አብሮ ይሄዳል። እርሻ ነክ ሥራ ስንል ያረሰውን ብቻ ማሰብ የለብንም፤ ደንገል በልክ አጭዶ ታንኳ መሥራት ረግረጉን ሳያጠፋ የሚኖር ሥራ ነውና በመስፈርቱ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።

5. ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። በካናዳ ሁለት ክፍለ ግዛቶች ለረጅም ጊዜ ሲታገሉበት ቆይተዋል።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1973 የእርሻ መሬትን ከከተማ መስፋፋት ለመከላከል የተጠበቀ የእርሻ መሬት ሥርዓት ዘረጋች። እዚያ ገበሬው በማሳው ላይ ምርቱን ማዘጋጀትና ማሸግ ይችላል፤ ነገር ግን ከሚያዘጋጀው ቢያንስ 50 በመቶው ከዚያው እርሻ ወይም እሱ አባል ከሆነበት የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣ መሆን አለበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከሌላ ቦታ ጥሬ ዕቃ አምጥቶ የሚሠራ ፋብሪካ በእርሻ ስም እንዳይገባ ይከላከላል።

ኦንታሪዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በቶሮንቶ ዙሪያ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን አረንጓዴ መቀነት ከለለች። በስፋቱ ከጣና ባዮስፌር ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የክፍለ ግዛቱ መመሪያ በእርሻ ላይ የሚፈቀድ ተጨማሪ ሥራ ከይዞታው 2 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ከ1 ሄክታር እንዳያልፍ ይመክራል። እዚያም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2022 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት 3 ሺህ ሄክታር ገደማ ከመቀነቱ አውጥቶ ለቤት ግንባታ ሊሰጥ ወስኖ፣ ብርቱ ትችት ስለደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2023 ውሳኔውን ሽሯል። ከዚህ የምንረዳው የእርሻ መሬት ትልቁ ስጋት የገበሬው ዳስ ሳይሆን የጅምላው ውሳኔ መሆኑን ነው።

የካናዳው 2 በመቶ ወደ እኛ ሲመጣ ምን ያህል ይሆናል? ሁለት ጥማድ 5,000 ካሬ ሜትር ነው። 2 በመቶው 100 ካሬ ሜትር፣ አሥር በአሥር ማለት ነው። የአክስቴ ዳስ 20 ካሬ ሜትር ነበረች፤ ግማሽ በመቶ እንኳ አትሞላም! አርባ አርሶ አደሮች ሁለት ሁለት ጥማድ ይዘው ተደራጅተው በአንድ ቦታ 400 ካሬ ሜትር የጋራ ቤት ቢሠሩ ከጠቅላላ 20 ሄክታር መሬታቸው የሚይዘው 0.2 በመቶውን ብቻ ነው። በትንንሽ ይዞታ ለሚኖር አገር የጋራው መንገድ የተሻለ መሆኑን ይህ ቀላል ስሌት ያሳያል።

6. የሚነሱ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው፤ አቃሎ ማለፍ አይገባም።

አንደኛው የጨረቃ ቤት ስጋት ነው። «ዛሬ የወተት ዳስ ያልከው ነገ አልጋ ይገባበታል፣ ከነገ ወዲያ ይሸጣል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መሬት አይሸጥም ቢባልም በከተማ ዳር ቤት ሸጥኩ፣ ስጦታ ሰጠሁ፣ አበደርኩ እየተባለ መሬት ሲሸጥ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ የሆነው ሁሉም ነገር በተከለከለበት ጊዜ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የሚከለከለውና የሚፈቀደው ሳይለይ ሲቀር የወተቱም ዳስ የደላላውም ቤት እኩል ሕገ ወጥ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው ለማፍረስ የሚቀለውን ያፈርሳል፤ የሚቀለው ደግሞ ምንጊዜም የድሃው ነው።

ሁለተኛው ባለ ገንዘቡ በገበሬው ስም ይገባል የሚለው ነው። ይህም ያሳስባል። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. በክልላችን ተቃውሞ በተነሳ ጊዜ በባሕር ዳር አካባቢ የነበሩ የአበባ እርሻዎች መቃጠላቸው ይታወሳል። የተቃውሞው መንስኤ ብዙና ፖለቲካዊ ስለነበር ሁሉን በመሬት ማሳበብ አይቻልም። በኦሮሚያም በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል። እነዚህ ነገሮች አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ በከተማ ዳር መሬት ላይ የሚመጣ ልማት ባለይዞታውን ተመልካች ካደረገው ሰላም የለውም። ስለዚህ መፈቀድ ያለበት በባለይዞታው ስም የሚሠራ ሥራ ሳይሆን ባለይዞታው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው።

7. የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ ከተነሱት ነጥቦች በመነሳት የጽሑፉ አቅራቢ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

ሀ) ፈቃዱ ለባለይዞታው ወይም ባለይዞታዎች ለመሠረቱት ማኅበር ብቻ ይሰጥ። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ይመዝገብ። ለሦስተኛ ወገን የማይተላለፍ፣ ሥራው ሲቆም አብሮ የሚቆም ይሁን።

ለ) ከሚዘጋጀው ምርት ቢያንስ ግማሹ ከራሱ ማሳ ወይም ከዚያው ቀበሌ አርሶ አደሮች የመጣ ይሁን። ከከተማ ዱቄት አምጥቶ ዳቦ መጋገር እርሻ ነክ አይደለም፤ የጎረቤትን ወተት መናጥ ግን ነው።

ሐ) የሚይዘው ቦታ ከይዞታው 2 በመቶ አይለፍ። ግንባታው በእንጨትና በቆርቆሮ፣ ሲፈለግ የሚነቀል፣ መሬቱ ነገ ተመልሶ ሊታረስ የሚችል ይሁን። ሲሚንቶ ከፈሰሰበት መሬት ላይ ጤፍ አይበቅልም።

መ) በባሕር ሸሹ፣ በደንገሉና በወንዝ ዳር ምንም ዓይነት ግንባታ አይፈቀድ። በሽግግር ቀጠናም ቢሆን ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታይ። የወተት አጓት ለከብት፣ የዓሣ ተረፈ ምርት ለማዳበሪያ ሊውል ይችላል፤ ወደ ሐይቁ ግን አንድ ጠብታ እንዳይገባ።

ሠ) ጥያቄው በአንድ መስኮት ይታይ። በየቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አለ። አባላቱ መሬቱንም ሰውየውንም ያውቁታል። እነሱ አይተው፣ ውሳኔው በአደባባይ ተለጥፎ፣ ጎረቤት ቅሬታ ካለው እንዲያሰማ ጊዜ ተሰጥቶ ቢጸድቅ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይቀራል፤ በጓሮ መደራደሩም ይቀንሳል።

ረ) ከሥራው የሚገኘው ገቢ በየዓመቱ ይመዝገብ። ገበሬው ግብሩን ይከፍላል፤ በምላሹም መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል ቢባል ካሳው ሲሰላ ያ ገቢ ይያዝለታል። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል፤ የተመዘገበ ገቢ ያለው ሰው ለአበዳሪም የተሻለ መተማመኛ ይኖረዋል።

የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ትመስለኛለች። አንድ ማሳ በዓመት የሚያስገባው ሲጨምር መሬቱን ከእርሻ አውጥቶ ለሌላ መስጠት ውድ ይሆናል። ውድ ሲሆን ደግሞ ቀያሽ ከመላኩ በፊት ሁለቴ ይታሰብበታል። ከተማው ባዶ ቦታ ፍለጋ በቅድሚያ ወደ ራሱ መሐል ይመለከታል፤ ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎችን ይቆጥራል። ከአንድ ሺህ ክልከላ ይልቅ ይህ መሬቱን የበለጠ ይጠብቀዋል።

ማጠቃለያ

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬትም የሚሄደው እንዲሁ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ጎጥ፣ ለከርሞ አንድ ቀበሌ። እስካሁን ያለው አሠራር ገበሬውን ከመሬቱ የሚገኘውን ጥቅም ከልክሎ መሬቱን ግን ከማንም አላዳነም። ዘጌ ለዘመናት ያሳየን ሌላ መንገድ አለ፤ መሬቱን የማይጎዳውን ሥራ ፈቅዶ፣ የሚጎዳውን ከልክሎ፣ ጠባቂውን ራሱን ተጠቃሚ ማድረግ።

በእርግጥ ይህ ሐሳብ ጣናን በአንድ ጀምበር አያድነውም፤ የከተማውንም መስፋት አያቆመውም። የኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ግን ነገ በየወረዳውና በየማዘጋጃ ቤቱ የምንመደበው እኛው ነን። ያን ጊዜ የአንዲት እናት የቆርቆሮ ዳስ ፊት ስንቆም ከመፍረሱ በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ሊኖር ይገባል፤ ይህ ዳስ የሚበላው መሬቱን ነው ወይስ የሚያበላው?

አክስቴ አሁንም ላሞቿን አልሸጠችም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሄጄ ስጠይቃት ወተቱን እንዴት እንዳደረገችው ጠየቅኋት። «ምን አደርገዋለሁ ልጄ፣ ለጥጆቹ አጠጣሁት» አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለሷ ተገልብጧል። ላሟ እዚሁ ደጇ ላይ ናት፤ ወተቱንም ታየዋለች። የጠፋው ወተቱ የሚናጥባት ሃያ ካሬ ሜትር ብቻ ነው።